የሽንኩርት ዋጋና የሸማቾች ጉባኤ

የከተማ የምግብ ሥርዓት ሲባል ምግብ ከማሳ ተነሥቶ ማዕድ ላይ እስኪቀርብ የሚያልፍባቸው የማምረት፣ የማጓጓዝ፣ የማከማቸትና የመሸጥ ሥራዎች፣ እንዲሁም እነዚህን የሚመሩት ውሳኔዎች በአንድነት ማለት ነው። በአዲስ አበባ የሚሰማው ምሬት ስለ ዋጋ ነው፤ ዋጋው የት እንደሚቆረጥና ነዋሪው እዚያ ድምፅ እንዳለው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በመቂና በባቱ ዙሪያ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት ገና ከማሳ ሳይነሣ በደላላ በኩል ዋጋ ይወጣለታል፤ ከዚያም በ2012 ከፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት በተዛወረው የጅምላ ገበያ ይራገፋል፤ ከጅምላ ነጋዴው ወደ ቸርቻሪ፣ ከቸርቻሪውም ወደ ጉልት ይደርሳል። በየእጁ የሚጨመረው የዋጋ ህዳግ፣ ማለትም በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ ሁሉም ትርፍ አይደለም፤ የጭነት ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ፣ በመንገድ የሚበሰብሰውም ጭምር አለበት። ደላላን መራገም ቀላል ቢሆንም እርሱ የሚሸጠው መረጃ ነው፤ ገበሬው የአዲስ አበባን ዋጋ፣ ሸማቹም የማሳውን ዋጋ እስካላወቁ ድረስ ገበያው አይጎድልበትም።

የብራዚሏ ቤሎ ሆሪዞንቴ እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረችው ሥራ የነካው ይህንኑ የዋጋ አወሳሰንና የመረጃ ጉዳይ ነበር። የዜጎች፣ የሠራተኞች፣ የነጋዴዎችና የሃይማኖት ተቋማት ተወካዮች ለከተማው የምግብ መሥሪያ ቤት አማካሪ ሆኑ፤ ጥሩ የመሸጫ ቦታ የተሰጣቸው ነጋዴዎች የተወሰኑ ሸቀጦችን ከገበያ በታች በተቆረጠ ዋጋ እንዲሸጡ ተገደዱ፤ መሠረታዊ ሸቀጦች የት በርካሽ እንደሚገኙ የሚያሳይ ዝርዝርም በአውቶቡስ ማቆሚያዎች ይለጠፍ ነበር። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ከከተማው በጀት 2 በመቶ እንደማይሞላ ይነገራል።

አዲስ አበባ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አላጣችም። ሰው በአፍ ልማድ «ሸማቾች» የሚለው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ በሕግ የአባላቱ ንብረት ሲሆን፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የመሠረታዊ ማኅበር አባል አንድ ዕጣ ይኑረው አሥር፣ ድምፁ አንድ ነው። ችግሩ ብዙው አባል ሱቁን የሚያስታውሰው ስኳርና ዘይት ገባ ሲባል መሆኑ ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ወረፋው የለም። የእሁድ ገበያም አምራቹንና ሸማቹን በማቀራረብ ረገድ የሚመሰገን ቢሆንም ነዋሪው እዚያ የሚገኘው እንደ ገዢ ብቻ ነው፤ ድንኳኑ የት እንደሚተከልና ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው አስተዳደሩ ነው።

የማኅበር አባል የሆነ አንባቢ እንግዲህ ለሚቀጥለው ጉባኤ አንድ ጥያቄ ይዞ ይግባ፤ በሱቁ የቀረበው ሽንኩርት ከማን፣ በስንት ተገዛ? መልሱም በሱቁ በር ላይ እንዲለጠፍ ያስወስን።