ግድግዳ የሚያንኳኳው አናጺ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከተማ ውስጥ የግድግዳ መደርደሪያ ለማሠራት አናጺ ቤትዎ ቢጠሩ፣ ሙያው የገባው ከሆነ ሜትሮውን ከመዘርጋቱ በፊት ግድግዳውን ያንኳኳል። በጣቱ አንጓ ከዳር ጀምሮ እየመታ ይሄዳል፤ ድምፁ ሲለወጥ ቆም ብሎ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። የሚፈልገው ከምርጉ ሥር የተደበቀውን ቋሚ ነው። በጭቃ ቤት ሚስማር የሚይዘው እንጨቱ እንጂ ጭቃው አይደለም። ቋሚውን ስቶ ጭቃው ላይ የቸነከረ አናጺ፣ ሥራው ባዶውን ሳለ ያምራል፤ ሳህንና ብርጭቆ ሲደረደርበት ግን ከነምርጉ ተገንጥሎ ይወርዳል።

በምዕራብ ጎጃም ከተሞች ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው መደርደሪያ ብቻ የሚያውቅ ልዩ ባለሙያ አይደለም። በር የሚገጥመው፣ ኮርኒስ የሚመታው፣ ለጥር ሙሽሮች አልጋና ቁም ሳጥን የሚያደርሰው ያው የሰፈር አናጺ ነው። ሱቁ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ዳር ነው፤ አጠገቡ ቱቦላሬ የሚበይድ ብረት ሠሪ አይጠፋም፤ ሥራ ሲበዛ ሁለቱ ይዋዋሳሉ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አስፋልት ደምበጫን፣ የዞኑን ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላምን፣ ከዚያም ቡሬን ያቋርጣል፤ ከቡሬ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት የሚገባው መንገድ ይገነጠላል። መምህሩ፣ ነጋዴው፣ በበቆሎና በበርበሬ ገንዘብ ያገኘው ገበሬ በእነዚህ ከተሞች ቆርቆሮ ቤት ይሠራል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ዕቃው ብዙ ነው። ተሠርቶ የሚሸጥ ብፌ ከግድግዳው ወይ ይረዝማል ወይ ያጥራል፤ ከማእዘኑ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ አናጺው ይጠራና ለዚያው ቤት፣ ለዚያው ግድግዳ ለክቶ ይሠራል።

ይህን ከከተማ የመጣ አዲስ ፋሽን አድርጎ የሚያይ አለ። እኔ አልስማማም። የጎጃም የገጠር ቤት ማስቀመጫውን ከውጭ ገዝቶ የሚያስገባ ቤት ሆኖ አያውቅም፤ ማስቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ ይሠራ ነበር። መደቡ ከወለሉ ጋር በጭቃ ተያይዞ ይወጣል፤ ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ይተኙበታል። ከጣሪያው በታች የሚረበረበው ቆጥ ዶሮም ይሰፍርበታል፣ ሞፈርና ቀንበርም ይወጣበታል፣ የቆጡ ዓይነትና ከፍታ እንደ ቤቱ ነው። ግድግዳው ላይ የሚተከለው ኩላብ ጋቢውን፣ ስልቻውን፣ የፈረሱን ዕቃ ይይዛል። የእነዚህ ሁሉ ቁንጮ ደግሞ ጎታ ነው።

ጎታ የሴቶች ሥራ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድና ከእበት ጋር በደንብ ይቦካል፤ ከዚያ ቀለበት በቀለበት እየተደረበ ይወጣል። የታችኛው ቀለበት ሳይጠና የላይኛው ከተጫነ ሆዱ ይነፋል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጎታ የሚሠራ ሰው መቸኮል አይችልም፣ ፀሐይና ነፋስ በፈቀዱለት ልክ ነው የሚሄደው። ሥሩ መሬት እንዳይነካ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይቀመጣል። አፉ በክዳን ተከድኖ በእበት ይመረጋል፤ ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ ይተውለትና በውታፍ ይደፈናል። እህል ሲያስፈልግ ከላይ አይቀዳም፤ ውታፉ ይነቀልና እህሉ በራሱ ክብደት ቁና ላይ ይፈሳል። በዚህ አሠራር ቀድሞ የገባው እህል ቀድሞ ይወጣል። ትልቁ ጎታ ቤት ውስጥ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በበር አይወጣም፤ ቤቱ እስካለ እዚያው ነው። በዘመኑ አነጋገር «ከግድግዳ ጋር የተገጠመ» የሚባለው ሁሉ ከዚህ በላይ ምን ሊያደርግ ነው?

ጎታን ሳመሰግን ጉድለቱን መሸሸግ አይገባኝም። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው፤ በቆሎ ደግሞ ነቀዝ ይወዳል። ነቀዙ ብዙ ጊዜ ገና ማሳ ላይ ሳለ ፍሬው ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል፤ እህሉ ጎታ ሲገባ አብሮ ይገባል። የጭቃው ግድግዳ አየር ስለሚያስተላልፍ ተባዩ ውስጥ ሆኖ ይራባል። አይጥም ጭቃ ለመቦርቦር አይቸገርም። ለዚህ ነው በአሁኑ ጊዜ ፒክስ የሚባለው ከረጢት በአንዳንድ ቤት ጎታውን የተካው። ከረጢቱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ለአተር መሰል ጥራጥሬ ያዘጋጁት ነው። ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶች አንዱ ባንዱ ውስጥ ይገቡና ከውጭ ማዳበሪያ ይለብሳሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ያልቃል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ችግሩ ፕላስቲኩ ከተበሳ ምንም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከረጢቱ ርብራብ ይፈልጋል፣ ከግድግዳ መራቅ ይፈልጋል፣ አይጥ እንዳይደርስበት ዙሪያው ክፍት መሆን ይፈልጋል። ይህን የሚሠራለትም ያው አናጺ ነው።

ከዚህ የሚመጣው የመጀመሪያው የሙያ ሕግ ቀላል ነው፤ አንድ ኩንታል እህል 100 ኪሎ ይመዝናል፤ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ጥሩ የጓዳ ሥራ ታቹን ክፍት ይተወዋል፤ ከወለል ከፍ ያለ ጠንካራ ርብራብ ብቻ ይሠራበታል። ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ስለሆነ እሱም ቦታው እዚያው ታች ነው። በርበሬ ግን ወደ ላይ ይወጣል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ በርበሬ ገበያ የሚያውቀው ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ እርጥበት ያለበት ቦታ ከተቀመጠ ግን ይሻግታል፣ ሻጋታውም ለጤና አደገኛ የሆነ መርዝ ሊያመጣ ይችላል። ነፋስ የሚገባበት ከፍ ያለ ቦታ ያስፈልገዋል።

ከፍ አድርጎ ማስቀመጥን በተመለከተ የቤተ ክርስቲያንን ልማድ ማንሳት ይገባል። የብራና መጻሕፍት ከቆዳ በተሠራ ማኅደር ውስጥ ገብተው በመንጠልጠያው ኩላብ ላይ ይሰቀሉ ነበር። አይጥም ምስጥም የወለል እርጥበትም አያገኛቸውም። የቅኔ ተማሪውም አኮፋዳውን የሚሰቅለው እንዲሁ ነው። ከቤት ጋር አብሮ የሚሠራ ማስቀመጫም የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሰው ባለው ነገር ነው የሚሠራው፤ ስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ላይ ስካራ ብሬ በሚባለው ስፍራ ከዛሬ 5000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች እንጨት ስላልነበራቸው መደርደሪያቸውን ከጠፍጣፋ ድንጋይ ከቤታቸው ጋር ሠርተውት እስከ ዛሬ ቆሟል።

ወደ ከተማው ቤት እንመለስ። አናጺው ቋሚዎቹን ካገኘ በኋላ ሁለተኛ ጠላቱ የግድግዳው ጠማማነት ነው። ጭቃ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ አንዱ ቦታ ሆድ ያወጣል፣ ሌላው ይሰረጉዳል። ጀማሪ ጣውላውን ያስጠጋና ክፍተቱን በጭቃ ወይም በጂብሰም ይደፍናል፤ ክረምት ሲመጣ ድፍኑ ይረግፋል። የለመደው ግን ጣውላውን በሊቬላ ቀጥ አድርጎ ያቆምና፣ እርሳስ በትንሽ እንጨት ላይ ይዞ ግድግዳውን እየታከከ ከላይ እስከ ታች ይጎትተዋል። የግድግዳው ሆድና ጉድጓድ ሁሉ ጣውላው ላይ ይሰመራል፤ በመስመሩ ሲቆርጠው ቁጭ ይላል። ይህ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል።

ክብደቱን ግን ለግድግዳው አይሰጠውም። ትልቅ መደርደሪያ ሸክሙን በእግሩ ወደ ወለል ማውረድ አለበት፤ ከላይ ከቋሚው ጋር የሚያያዘው እንዳይጋደም ብቻ ነው። በተለይ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ማሰሪያ መቅረት የለበትም፤ ልጅ መደርደሪያን እንደ መሰላል ይወጣበታል። በብሎኬት ቤት ግን ትራፓኖና ፊሸር ሥራውን ያቀሉታል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ እዚያም ቢሆን ከባድ ነገር በፊሸር ብቻ መስቀል አያስተማምንም። ግንበኞች ማድ ቤት ውስጥ ከግንቡ ጋር የሚያፈሱት የሲሚንቶ መደርደሪያ መልኩ ባያምርም በጥንካሬ የሚወዳደረው የለም።

የጎኑ ጣውላ ከግድግዳው ጋር ቢገጥምም፣ በኋላው ልባስና በግድግዳው መካከል ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት መተው ግድ ነው። በዚህ አገር ክረምቱ ረጅም ነው፤ ጭቃ ግድግዳ ውኃውን ይስባል። ኮምፔንሳቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከተመታ ከኋላው ይሻግታል፤ ችፑድ ከሆነ ደግሞ ይነፋና ይፈርሳል። ከታች ምስጥ አለ። የእንጨት ቋሚን ሥር በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ለአጥር መልካም ነው፣ እህልና ዱቄት ለሚቀመጥበት መደርደሪያ ግን አይሆንም። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ማድረግና ዙሪያውን እየጠረጉ ማየት ይሻላል። ምስጥ ድንጋዩን ለመሻገር የጭቃ መንገድ ስለሚሠራ በዓይን ይታያል፤ ሲታይ ማፍረስ ነው።

ሰዎች አናጺውን ከሚወቅሱባቸው ነገሮች ዋናው የመደርደሪያው መጉበጥ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ «መሐሉ ላይ እግር አታድርግበት፣ መልኩን ያበላሸዋል» ያለው ባለቤት ነው። ጭነቱ እኩል ተዘርግቶ ሲቀመጥ፣ የጣውላው ርዝመት እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ ውፍረቱን እጥፍ ማድረግ ጉብጠቱን ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል። ስለዚህ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ችፑድ በየ60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትሩ ድጋፍ ይፈልጋል። መሐሉ ክፍት ይሁን የሚል ሰው ወይ ወፍራም ጣውላ ይግዛ፣ ወይ ከፊት ለፊቱ በቁም የሚመታ ማጠንከሪያ ይፍቀድ።

ልኩ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከውጭ አገር ሥዕል የሚቀዳ ካቢኔት ጥልቀቱ 30 ወይም 35 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለሳህን ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ስፋት ግን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ አክንባሎው አለ፣ ሞሰቡ አለ፣ የበዓል ጋኑ አለ። ጠንቃቃ አናጺ ሥራ ሳይጀምር «እትዬ፣ ምጣዱንና ሞሰቡን እስኪ ያውጡልኝ» ብሎ ይለካቸዋል። ይህን ያላለ አናጺ የሠራው ማድ ቤት ውስጥ ምጣዱ ከበር ኋላ ተደግፎ ታገኙታላችሁ።

እንጨቱስ? ችፑድና ኤምዲኤፍ ከሩቅ ስለሚመጡ መንገድ ሲዘጋ ይጠፋሉ፣ ዋጋቸውም ይሰቀላል። ባሕር ዛፍ ግን ደጅ ላይ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ ጎጃምን አልብሷል። ጠንካራ ነው፤ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው፤ እርጥቡን ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩን ይተፋል። ጣውላ ሆኖ ከተቆረጠ በኋላ ጥላ ሥር፣ በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ፣ ነፋስ እያገኘው ወራት መቆየት አለበት። ጫፎቹን ቀለም መቀባት ስንጥቁን ይቀንሳል። ዋንዛ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው ማለት ይቻላል፤ ለመሮና ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ቅርጹን ብዙም አይለውጥም፣ ቀለሙም ያምራል። አናጺ ስለ ዋንዛ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ዋንዛ ግን እንደ ልብ የሚቆረጥ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት ዛፎች አንዱ አድርጎት ነበር። ከራስ ጓሮ ያደገ ዋንዛ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሌላው ቢቀር ለበሩና ለፊት ለፊቱ ያውለው፣ ለማይታየው አካል ባሕር ዛፍ ይበቃል።

ማሠራት ካሰቡ ጊዜውን ይምረጡ። አዝመራ ተሰብስቦ ገንዘብ ሲገባ፣ ጥር ላይ ሠርጉ ሲደራረብ፣ አናጺው ለሙሽራ ቁም ሳጥን ይሯሯጣል፤ ያን ጊዜ የተሰጠው ትእዛዝ በእርጥብ እንጨት በጥድፊያ ይሠራል። እንጨቱን ኅዳር ላይ ራስዎ ገዝተው ጥላ ሥር ይደርድሩት። ዓቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ አናጺውም እጁ ይፈታል። ቀብዱን ያን ጊዜ ይክፈሉ፤ የውፍረቱን፣ የእግሩንና የኋላውን ክፍተት ልክ ግን በወረቀት አስፍረው ሁለታችሁም ፈርሙበት።