ስልኩን መፈተን

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከሚኖሩት አረጋውያን መካከል የጕልምስና ዘመናቸውን በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ሲሠሩ አሳልፈው ዛሬ በጡረታ የሚተዳደሩ አሉ፤ ከእነዚህም ደም ግፊት ወይም ስኳር የያዛቸው ለክትትል ወደ ሰፈራቸው ጤና ጣቢያ፣ አለዚያም በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ባገኘችው በጥሩነሽ ዲባባ ስም ወደ ተሰየመው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይመላለሳሉ። የመድኃኒት ሰዓታቸውን የሚያስታውስና ቀጠሯቸውን የሚመዘግብ መተግበሪያ በእጅ ስልካቸው እንዲገባላቸው ማሰብ በጎ ሐሳብ ነው። ነገር ግን የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ለራሱ ዐይንና ለራሱ ጣት የቀመረው መሣሪያ ለሰባ ዓመት አረጋዊ ይስማማ እንደ ሆነ የሚታወቀው፣ መሣሪያው ራሱ በአረጋዊው እጅ ሲፈተን ብቻ ነው።

የፍተሻው ሥርዓት ቀላል ነው። ፈታኙ ከአንዲት እናት አጠገብ ዝቅ ብሎ ይቀመጥና «እማማ፣ ነገ ጠዋት የሚውጡትን ኪኒን እንዲያስታውስዎ እስቲ አላርሙን ይሙሉት፤ እየሠሩ ሳሉም በልብዎ የሚያስቡትን ይንገሩኝ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ እጁንም አፉንም ሰብስቦ፣ የት እንዳመነቱ፣ የትኛውን ምልክት ደጋግመው እንደ ነኩ፣ ከምን ላይ ሲደርሱ ሰልችቷቸው ስልኩን እንደ መለሱ ይጽፋል። ዴንማርካዊው ሊቅ ጃኮብ ኒልሰን 5 ሰዎችን እንኳ በዚህ መንገድ የተመለከተ ፈታኝ ከመሣሪያው ጉድለት 85 በመቶ ያህሉን ያገኛል ብሎ አስልቷል። ስሌቱ ግን ተጠቃሚዎቹ ሲመሳሰሉ የሚሠራ ነው፤ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመው፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የለየውና ጭራሹን ፊደል ያልቈጠረው በአንድ መንደር በሚኖሩበት አገር 5 ሰው የሚበቃ አይመስለኝም።

እንግሊዛዊው ጆን ብሩክ በ1986 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው፣ መሣሪያው ለተጠቃሚው ምን ያህል እንደ ተመቸው የሚለካ፣ 10 ዐረፍተ ነገር ያለውና በ5 ደረጃ የሚመለሰው መጠይቅ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። በእኛ ዘንድ ግን ይሉኝታ አለ። ደክሞ የመጣን ልጅ ማሳፈር ነውር መስሎ የሚታያቸው አባት፣ አንዱም ነገር ሳይሳካላቸው ቆይተው «ደግ ሥራ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው ከፍተኛውን ነጥብ ሊሰጡ ይችላሉና፣ ፈታኙ ከአንደበታቸው ይልቅ እጃቸውን ቢያምን ይሻለዋል። የዐይን ሞራ ለጋረደው ሰው የደቀቀ ጽሕፈት፣ በእርግና ለደረቀና ለሚንቀጠቀጥ ጣት የተጠጋጉ ምልክቶች እንቅፋት መሆናቸው የታወቀ ስለ ሆነ በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

ከሁሉ የሚከፋው ወጥመድ ሰዓት ነው። ሐኪሙ «ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ከምግብ ጋር» ብሎ ያዘዘውን የስኳር መድኃኒት አረጋዊው በታዘዘው መሠረት 2:00 ብሎ ቢሞላው፣ ቀኑን ከመንፈቀ ሌሊት ጀምሮ የሚቈጥረው ስልክ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጮኻል፤ ከቀኑ 8 ሰዓትም ይደግማል። በሁለቱ ጩኸቶች መካከል 12 ሰዓት ስላለ መሣሪያው በራሱ መዝገብ ትእዛዙን ፈጽሟል፤ ሕመምተኛው ግን ወይ በባዶ ሆዱ ውጧል፣ ወይ ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ የስልኩን ሰዓት 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ ከአገሩ አቈጣጠር ጋር ያስማማዋል፤ በዚህ ላይ ብልህ ነኝ ያለ መተግበሪያ ዳግመኛ 6 ሰዓት ቢቀንስ ስሕተቱ በስሕተት ላይ ይደረባል። በ1940 ዓ.ም. የተወለዱት እናትም ይህንኑ ቍጥር ቢጽፉ መሣሪያው 7 ወይም 8 ዓመት ጨምሮ ያስረጃቸዋል፤ ለጳጕሜን 3 የተሰጠ ቀጠሮም 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ሰሌዳ ላይ ማደሪያ የለውም። ይልቁንስ ቀኑን በነግህና በሠርክ ጸሎት ለሚከፍለው ምእመን፣ በሱብሒና በመግሪብ ለሚከፍለው ሙስሊምም፣ መድኃኒቱ በእነዚሁ ጊዜያት ስም ቢጠራለት ቍጥር መሙላቱ ራሱ በቀረለት ነበር።

ማንበብ ለማይችለው ድምፅ ይቀርበዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ለሕዝብ የታወጀው 8335 የተባለው ነጻ የስልክ መስመር ቀላልነቱ፣ አራት አኃዝ ጠቅሶ ከሰው ጋር በቃል መነጋገር በመሆኑ ነበር፤ መተግበሪያ ሠሪዎችም አንዱን ቍልፍ ለእንዲህ ያለ ጥሪ ቢተዉት ምን ይጐድልባቸዋል?

ፍተሻው የሚሠራበትም ሁኔታ ሊታሰብበት ይገባል። በብዙ ቤት ስልኩን የሚሞላው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነውና፣ እርሱ አጠገብ ካለ አረጋዊቷ ስልኩን ወዲያው ለእርሱ ያቀብላሉ፤ ስለዚህ እርሱ በሌለበት፣ ከቢሮ በመጣ አዲስ ስልክ ሳይሆን መስተዋቱ በተሰነጠቀው በራሳቸው ስልክ ይሞከር። ከ15 ቀን በኋላም ፈታኙ ተመልሶ ያንኑ ሥራ ያሠራቸው፤ በመጀመሪያው ቀን በጥሞና ያወጡት መንገድ አሁንም በልባቸው ካለ ቍልፎቹ ባሉበት ይቈዩ፣ ጠፍቷቸው ከሆነ ግን ሠሪው ሥራውን እንደ ገና ይጀምር።