የኢንዱስትሪ ካቻቢቴን የሚፈትን ፍሬን፦ ስለ ሃይድሮሊክ የመፈተሻ ጠረጴዛዎች የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር



የዛሬው ርእሴ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲነበብ ጠባብ መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ ባልደረባዬም «ስለ ካቻቢቴ ፍሬን ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ትላለህ?» ብሎ ጠይቆኛል። መልሴ የሚጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ አንድ የመገጣጠሚያ ፋብሪካ የማጥበቂያ መሣሪያዎቹን እንድንፈትሽለት ጠየቀን። እነዚህ መሣሪያዎች በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ እንደምናገኘው ካቻቢቴ በእጅ የሚዞሩ አይደሉም፤ በኤሌክትሪክ ወይም በታመቀ አየር ተሽከርክረው ብሎን የሚያጠብቁ፣ የተወሰነላቸው ልክ ላይ ሲደርሱም በራሳቸው የሚቆሙ ናቸው። አንዱን መሣሪያ ፈተሽኩ፤ ንባቡን ከተፈለገው ትንሽ ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ዝቅ አድርጌ አስተካከልኩትና «ትክክል ነው» ብዬ ፈረምኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው መሣሪያ የታሰሩ የማርሽ ሳጥን ክዳኖች ዘይት ማንጠባጠብ ጀመሩ። ብሎኖቹ በሚገባ አልጠበቁም ነበር። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የመፈተሻ ጠረጴዛውም የተሳሳተ ቁጥር አልሰጠም። ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ፤ ምን እንዳጠፋሁ ለመረዳት ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ክዳን መሆኑ በጀ እንጂ የአውቶቡስ ጎማ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ዛሬ በዚህ እርጋታ አልነግራችሁም ነበር።

ከመሠረቱ እንነሣ። ቶርክ የምንለው ኃይል ከመዞሪያው ማእከል ባለው ርቀት ተባዝቶ የሚገኘው የመጠምዘዝ ብርታት ነው፤ የሚለካውም በኒውተን ሜትር ነው። ፋብሪካው ለሠራተኛው የሚያዝዘው ቶርክን ነው፤ በመጨረሻ የሚፈልገው ግን ብሎኑ ተወጥሮ ሁለቱን አካላት ጨምቆ የሚይዝበትን ኃይል ነው። በአህያ ላይ ጭነት ያሰረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ገመዱን በብርቱ መሳብ አንድ ነገር ነው፤ ጭነቱ ጠብቆ መታሰሩ ሌላ ነገር ነው፤ ገመዱ በታጠፈበት ቦታ ሁሉ ሰበቃ ከጉልበታችን ድርሻውን ይወስዳልና። በብሎንም እንዲሁ ነው። በግምት ከቶርኩ ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር፣ 40 ከመቶ ያህሉ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ይበላል፤ ብሎኑን ለመወጠር የሚተርፈው 10 ከመቶ ገደማ ነው። ዲያሜትሩ 10 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን በ25 ኪሎ ኒውተን እንዲጨምቅ ብንሻና ሰበቃውን የሚያጠቃልለው ቁጥር 0.2 ቢሆን፣ የሚያስፈልገው ቶርክ 0.2 በ0.01 ሜትር በ25,000 ኒውተን ተባዝቶ 50 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህን 50 እስከ ንግግሬ ፍጻሜ ይዘነው እንሄዳለን።

መጋጠሚያዎች ሁሉ ወደ 50 የሚደርሱት በአንድ መንገድ አይደለም። ብረት በብረት ላይ ባረፈበት ቦታ ብሎኑ ከተቀመጠ በኋላ 30 ዲግሪ ወይም ከዚያ ያነሰ ዞሮ ይጠብቃል፤ ይህን ጠጣር መጋጠሚያ እንበለው። በመካከል ወፍራም ጋስኬት ወይም ጎማ ሲኖር ግን ሁለት ሙሉ ዙር፣ ማለትም 720 ዲግሪ፣ ሊዞር ይችላል፤ ይህ ለስላሳ መጋጠሚያ ነው። አይኤስኦ 5393 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ማጥበቂያ መሣሪያዎችን በሁለቱም ዓይነት መጋጠሚያ ላይ የሚፈትነው ያለ ምክንያት አይደለም።

መሣሪያችን በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል እንበል። ይህ በሰከንድ 1,800 ዲግሪ ነው። 30 ዲግሪው በ17 ሚሊሰከንድ ገደማ ያልቃል፤ 720ው ግን 0.4 ሰከንድ ይፈጃል። ቶርኩ ከዜሮ እስከ 50 በቀጥታ መስመር ካደገ፣ ጠጣሩ መጋጠሚያ 13 ጁል ያህል ጉልበት ሲወስድ፣ ለስላሳው 314 ጁል ይወስዳል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ሞተር ደግሞ ከውጭ ከምናየው ዘንግ በብዙ እጥፍ ስለሚፈጥን የራሱ የተከማቸ ጉልበት አለው። «ቁም» የሚል ትእዛዝ ሲደርሰው ያ ጉልበት መሄጃ ይፈልጋል። ከ314 ጁል ጋር ሲነጻጸር ብዙም አይታይም፤ ከ13 ጁል ጋር ሲነጻጸር ግን ትልቅ ነው፤ ብሎኑንም ከታዘዘው ልክ አሳልፎ ይገፋዋል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ፣ ምንም ማስተካከያ ሳይነካበት፣ በሁለት መጋጠሚያዎች ላይ ሁለት የተለያዩ አማካይ ቶርኮችን ይሰጣል። ቶርኩ የሚወለደው መሣሪያውና መጋጠሚያው ሲገናኙ ነው፤ የመሣሪያው ብቻ ንብረት አይደለም። ለማስተላለፍ የምፈልገው ዋና ነገር ይኸው ነው።

እንግዲህ መሣሪያን የሚፈትን ሰው የተለያዩ መጋጠሚያዎች ያስፈልጉታል። በእውነተኛ ብሎን መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን ብሎን በጠበቀና በተፈታ ቁጥር ጥርሱ ይላላጣል፣ ቅባቱ ይለወጣል፣ ሰበቃውም እንደ ቀድሞው አይሆንም። ሃምሳኛው ሙከራ የመጀመሪያው አይደለም። ተደራራቢ የሲኒ ቅርጽ ያላቸውን የብረት ሮንዴላዎች እንደ ሞላ የሚጠቀም አስመሳይ መሥራትም ይቻላል፤ ሆኖም ጥንካሬውን ለመለወጥ ፈትቶ እንደገና መደርደር ግድ ይላል፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላም መፍታት ያሻል። የሃይድሮሊክ ፍሬን ብልጫ እዚህ ላይ ነው። ጠጣሩን ወደ ለስላሳ ለመለወጥ በኮምፒውተሩ ላይ ቁጥር መለወጥ ይበቃል፤ ሙከራው ሲያልቅ ግፊቱ ይለቀቅና ዘንጉ ወዲያው ነጻ ይሆናል።

አሠራሩ ከመኪና ፍሬን ብዙም አይርቅም። የሚፈተነው መሣሪያ አንድ ዘንግ ላይ ይገጠማል። በዘንጉ ላይ ቶርክ የሚለካ ሴንሰርና የዞረበትን ማእዘን የሚቆጥር ሌላ ሴንሰር አሉ። በዘንጉ ጫፍ ዲስክ አለ፤ ዲስኩን ከሁለት ወገን የፍሬን ሸራዎች ይይዙታል፤ ሸራዎቹን የሚገፋቸው በዘይት ግፊት የሚሠራ ፒስተን ነው። ግፊቱን የሚወስነው በተላከለት የኤሌክትሪክ ምልክት ልክ የሚከፈት ቫልቭ ነው። ስሌቱን ተመልከቱ፦ ግፊቱ 25 ባር፣ የፒስተኑ ስፋት 5 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን ሸራው በ1,250 ኒውተን ይጫናል። የሰበቃው መጠን 0.4፣ አማካይ ራዲየሱ 5 ሴንቲሜትር፣ የሚሰበቁት ገጾች 2 ከሆኑ፣ ፍሬኑ የሚሰጠው ቶርክ 50 ኒውተን ሜትር ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በተግባር ግን ሦስት ነገሮች ይፈታተኑናል።

አንደኛው፣ ግፊቱ ማደግ ያለበት በጊዜ ሳይሆን በማእዘን ልክ መሆኑ ነው። ፍሬኑን «በ17 ሚሊሰከንድ ውስጥ 50 ድረስ» ብለን ብናዝዘውና በደቂቃ 150 ጊዜ የሚዞር መሣሪያ ቢመጣ፣ ያ መሣሪያ ከ30 ዲግሪ ይልቅ 15 ዲግሪ ብቻ ይዞራል። ሳናስበው ሌላ መጋጠሚያ ሰጠነው ማለት ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ማእዘኑን ያለማቋረጥ እያነበበ ግፊቱን በዚያው ልክ ማሳደግ አለበት።

ሁለተኛው አየር ነው። ዘይት እጅግ በጥቂቱ ነው የሚታመቀው፤ በ25 ባር ግፊት ይዘቱ የሚቀንሰው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። የአየር አረፋ ግን በዚያው ግፊት ወደ ሃያ አምስተኛው ገደማ ይኮማተራል። በመስመሩ ውስጥ ጥቂት አየር ከቀረ ዘይቱ ሸራውን ከመግፋቱ በፊት አረፋውን በመጨመቅ ጊዜ ያባክናል፤ በ17 ሚሊሰከንድ ሥራ ላይ ደግሞ የሚባክን ጊዜ የለም። የመኪና ጥገና ባለሙያ ፔዳሉ ሲላላ መጀመሪያ አየሩን የሚያስወጣው ለዚህ ነው፤ እኛም ከእርሱ መማር አለብን።

ሦስተኛው ሙቀትና ሰበቃ ናቸው። ለስላሳውን ሙከራ 50 ጊዜ ብንደጋግም ፍሬኑ 15,700 ጁል ያህል ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ 2 ኪሎ ግራም በሚመዝን የብረት ዲስክ ውስጥ ቢቀር የዲስኩን ሙቀት በ17 ዲግሪ ገደማ ያሳድገዋል። ሸራ ሲሞቅ ሰበቃው ይለወጣል። በዝግታ ሲዞርም እየያዘና እየለቀቀ ቶርኩን እንደ መጋዝ ጥርስ ያደርገዋል። ከዚህ የተነሣ ግፊትን አንብበን ቶርክን መገመት አይፈቀድልንም፤ ዳኛው በዘንጉ ላይ ያለው፣ በየጊዜው ካሊብሬት የሚደረገው ሴንሰር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እሰጣለሁ። የሚፈቀደው ከ45 እስከ 55 ነው እንበል። መሣሪያው በጠጣሩ አማካይ 52፣ በለስላሳው 48 ይሰጣል፤ ስርጭቱን የሚለካው መደበኛ ልይይት በሁለቱም 0.5 ነው። ሲኤምኬ የተባለው የብቃት ቁጥር፣ ከአማካዩ እስከ ቅርቡ ወሰን ያለው ርቀት ለልይይቱ ሦስት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በሁለቱም ወገን 3 ለ1.5 ሲካፈል 2 ይሆናል፤ በመኪና ኢንዱስትሪ ዘወትር ከሚጠየቀው 1.67 ይበልጣል። መሣሪያው ደኅና ነበር። እኔ ግን በጠጣሩ ብቻ ፈትሼ 52ን አየሁ፤ «ከፍ ብሏል» ብዬ ወደ 50 አወረድኩት። በዚያው ቅጽበት የለስላሳው አማካይ ወደ 46 ወረደ፤ ሲኤምኬውም 1 ለ1.5፣ ማለትም 0.67 ሆነ። የማርሽ ሳጥኑ ክዳን ደግሞ ባለ ጋስኬት ነበር። ደኅናውን መሣሪያ ያበላሸሁት በማስተካከል ነው።

ፍሬኑም ቢሆን ወሰን አለው። እውነተኛ ብሎን እንደ ሞላ ተወጥሮ ጉልበት ያከማቻል፤ መልሶም ይገፋል። ፍሬን ግን የተቀበለውን ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ስለዚህ በተከታታይ ምት ለሚያጠብቁ መሣሪያዎች ፍትሐዊ ዳኛ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍሬኑ ውስጥ የሚወጠር ብሎን የለም። መሣሪያው የታዘዘውን ቶርክ መስጠቱን ይነግረናል፤ ሁለቱ አካላት ተጨምቀው መያያዛቸውን ግን ሊነግረን አይችልም። የብሎኑ ቅባት ከተለወጠ ያው 50 ኒውተን ሜትር ሌላ የመጨመቅ ኃይል ይሰጣል፤ ጠረጴዛውም ይህን አያይም።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ የፍተሻ ሰነድ ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት፣ ይህ መሣሪያ በሥራ ቦታው የሚያጠብቀው መጋጠሚያ ስንት ዲግሪ እንደሚዞር ጠይቁ። ፍሬኑም ያንኑ ማእዘን መስጠቱን በሥዕላዊ መስመሩ ላይ በዓይናችሁ ተመልከቱ። መልሱን የሚያውቅ ሰው በፋብሪካው ውስጥ ካጣችሁ ወደ መስመሩ ወርዳችሁ ራሳችሁ ለኩት። እኔ በዚያን ቀን ከላቦራቶሪው እስከ መገጣጠሚያው መስመር አልወረድኩም ነበር።