የካርዱ ቀን ሲያልፍ ገንዘቡ አያልፍም

በምዕራብ ሸዋ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የእህል ገበያው የሚደራበት ነው። የአምቦ፣ የጉደር፣ የጊንጪና የባኮ ነጋዴዎች ጤፉንና ስንዴውን ከገበሬው ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ እህል በረንዳ የሚያሻግሩት በዚሁ ወቅት ነው። ገበሬው በበኩሉ ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ብሩን ቆጥሮ መመለስ ይፈልጋል። በመሆኑም በወቅቱ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለው ነጋዴ ይገዛል፤ የሌለው ለሌላው ይለቃል።

ለአንድ መኪና ሙሉ እህል የሚሆነውን ገንዘብ ነጋዴው ከባንክ መስኮት ያወጣል። የገንዘብ መክፈያ ማሽን፣ ማለትም ኤቲኤም፣ በቀን የሚሰጠው መጠን የተወሰነ ነውና። ካርዱ የሚያስፈልገው ባንክ በሩን ከዘጋ በኋላ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለጎደለው ሒሳብ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለነዳጅና ለደላላ የሚከፈለው ከዚያው ይወጣል። ካርዱ ቀኑ አልፎበት የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሰዓት ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። በካርዱ ፊት ላይ የሚታተመው የወርና የዓመት ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ 12/26 የሚል ካርድ የሚያገለግለው እስከ ዲሴምበር 2026 የመጨረሻ ቀን ነው። ይህም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2019 ዓ.ም. ሲሆን፣ ገና ሊውል 7 ቀን የሚቀርበትና ገበያው የሚጦፍበት ጊዜ ነው። ባለካርዱ ግን 12ኛው ወር ነሐሴ ነው፣ ዓመቱም 2026 ዓ.ም. ነው ብሎ ካሰበ፣ ከ7 ዓመት ተኩል በላይ ትርፍ ጊዜ ያለው ይመስለዋል።

ማስታወስ የሚገባው ስሌት ቀላል ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ ከአውሮፓው ዓመት 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ይቀነሳል። ካርዱ የሚያበቃውም በተጻፈው ወር መጀመሪያ ሳይሆን በወሩ የመጨረሻ ቀን ነው።

ካርዱን የሚዘጋ ሠራተኛ የለም። ቺፕ ያለው ካርድ ወይም ስማርት ካርድ የራሱ ባትሪም ሆነ ሰዓት የለውም። የማብቂያ ቀኑ ግን በቺፑ ውስጥ ተመዝግቧል። ማሽኑ ካርዱ ሲገባ ይህን ቀን አንብቦ ከራሱ ቀን ጋር ያመሳክራል። ጥያቄው ወደ ባንኩ ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ሲደርስም እንደገና ይጣራል። ቀኑ ካለፈ ክፍያው ይከለከላል፤ አንዳንድ ጊዜም ማሽኑ ካርዱን ይዞ ያስቀራል።

የሌላ ባንክ ማሽን መሞከርም መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትስዊች የባንኮችን ማሽኖች እርስ በርስ ካገናኘ ወዲህ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ይሠራል። የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ግን ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው።

የማብቂያ ቀን የተደረገው ለጥበቃ ነው። ፕላስቲኩና ቺፑ በአገልግሎት ብዛት ያረጃሉ፤ ከማጭበርበር የሚከላከሉት የምስጢር ቁልፎችም በየጊዜው መታደስ አለባቸው። የጠፋና የተረሳ ካርድም ለዘለዓለም ክፍት ሆኖ አይቀርም።

ይህ ከብር ኖት ለውጡ ጋር መምታታት የለበትም። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች መለወጣቸው ሲገለጽ 90 ቀን ተሰጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ቀኑ ያለፈበት ኖት ዋጋ አጥቷል። በካርድ ረገድ ግን የሚያበቃው ቁልፉ እንጂ በካዝናው ያለው ገንዘብ አይደለም። ሒሳቡ ባለበት ስለሚቆይ ባለገንዘቡ በደብተሩና በመታወቂያው ከቅርንጫፉ ማውጣት ወይም በሞባይል ባንኪንግ ማስተላለፍ ይችላል። ኪሳራው የሚመጣው ከባንኩ ሳይሆን ከጊዜው ነው። ሰኞ የሚገኝ ገንዘብ ቅዳሜ ያመለጠውን ጤፍ አይመልስም።

ስለዚህ ነጋዴው በክረምቱ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት ወቅት፣ የካርዱን ቀን በእኛ አቆጣጠር አስልቶ ቢጽፈው ይበጃል። ቀኑ በአዝመራው ወራት ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ መስከረም ሳይገባ ማመልከት ይኖርበታል። ካርዱ በቅርንጫፉ የማይታተም ከሆነ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃልና፣ ከአምቦ አልፎ ለሚገኙት ከተሞች ይህ ቀን ሊጨምር ይችላል። አዲሱ ካርድ እንደደረሰም የምስጢር ቁጥሩን አስተካክሎ ጥቂት ብር በማውጣት መሞከር፣ የድሮውን ደግሞ ቺፑን ቆርጦ መጣል ይገባል። ሞባይል ባንኪንግ ያላስከፈተም በዚያው ቢያስከፍት ሁለተኛ በር ይኖረዋል።

በፖስ ማሽን የሚሸጥ ባለሱቅም ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት የደንበኛውን ካርድ ቀን ቢያይ ከንትርክ ይድናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ቀኑ መታየት ያለበት ገበያው ከመድራቱ በፊት ነው።