ሶዲየም ወደ ሐይቅ ሲወርድ

(ዘጋቢ ፕሮግራም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምስል፦ ጥቁርና ነጭ የቆየ ፊልም። ድንጋያማ ቁልቁለት፣ ከሥሩ ሐይቅ። የፊልሙ የራሱ ድምፅ ተዘግቷል።

ተራኪ፦ በርሜሉን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከአፋፉ ተገፍቶ ሲንከባለል ከሌላ በርሜል የሚለየው ነገር የለም። ድንጋይ ላይ ይነጥራል፣ ይገለበጣል፣ ውሃው ውስጥ ይገባል። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ነጭ ጭስ ብቅ ይላል፤ ጭሱ ይወፍራል፤ ሐይቁ ካለበት ተነስቶ ወደ ሰማይ ይወረወራል።

(ፍንዳታው ይታይ። ተራኪው ይጠብቅ።)

ዘመኑ 1947 ነው። ቦታው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል፣ ግራንድ ኩሊ በተባለው ሸለቆ ውስጥ ያለው የሌኖር ሐይቅ። በርሜሎቹ የያዙት ሶዲየም ነው። ይኸው ገበታችን ላይ ያለው ጨው ግማሽ አካል የሆነው ሶዲየም፤ ግን ከክሎሪን ተለይቶ፣ ለብቻው፣ ንጹሕ ብረት ሆኖ። ብዛቱ 20 ሺህ ፓውንድ፣ በእኛ ልኬት 9 ሺህ ኪሎ ግራም ገደማ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የአሜሪካ መንግሥት እጅ ላይ የማይፈለግ ንብረት ተከምሮ ቀረ። ይህንን ሁሉ የሚያስወግድ፣ የጦርነት ትርፍ ንብረት አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ነበር። ጫማና ድንኳን ይሸጣል። መኪና ገዢ አያጣም። ሶዲየም ግን ሌላ ነገር ነው። በጦርነቱ ዘመን ተፈላጊ ነበር፤ የአውሮፕላን ቤንዚን ኃይሉ ከፍ እንዲል የሚጨመረው እርሳስ ያለበት ኬሚካል የሚሠራው በሶዲየም ነው፤ በአውሮፕላን ሞተር ውስጥም ሙቀት እንዲያበርድ የቫልቩ ሆድ ዕቃ በሶዲየም ይሞላ ነበር። ጦርነቱ ሲቆም ግን በመጋዘን የቀረ ሶዲየም ማለት አንድ የሚያፈስ ጣሪያ ብቻ የሚጠብቅ አደጋ ነው።

ሐይቁን የመረጡበት ምክንያት ነበራቸው። ሌኖር መውጫ በሌለው ሸለቆ ውስጥ ያለ፣ ከጥንትም ሶዳ የበዛበት ውሃ ነው፤ ከእሱ ቁልቁል ያለው ሐይቅ «የሳሙና ሐይቅ» እስከመባል ደርሷል። ሶዲየም ውሃ ሲያገኝ የሚተወው ደግሞ ያንኑ የሶዳ ወገን፣ ኮስቲክ ሶዳ ነው። ዓሣ የለበትም ተብሎ ነበር። ሶዳ ላይ ሶዳ ቢጨመር ማን ይጎዳል ነው ነገሩ።

(በርሜል ሁለተኛው። በዝግታ ይታይ።)

ይህን ፊልም ደጋግሞ ያየ ሰው ፍንዳታውን ትቶ ሰዎቹን ማየት ይጀምራል። በርሜሉን ይገፋሉ፣ ዞር ይላሉ፣ ያያሉ። ሥራው በካሜራ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ የተሠራ ነው፤ የሚደብቁት ነገር እንዳለ የሚያስብ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። የሚያስደንቀኝም የሚያሳስበኝም ይኸው እርጋታቸው ነው። ዛሬ አንድ ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ሥራ ልሥራ ቢል የሚፈቅድለት አገር አይኖርም። ያ ሐይቅ ግን እንዲያ ሆኖ አልቀረም። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሶዳ የሚችል የትራውት ዓሣ ዝርያ ተገኝቶ ተለቀቀበት፤ አሁን መንጠቆ ይዘው የሚሄዱበት ውሃ ሆኗል።

ምስል፦ የላቦራቶሪ ጠረጴዛ። ጥቁር ብርጭቆ ዕቃ፣ ውስጡ ዘይት። ድምፅ፦ የመቆንጠጫ ኮሽታ።

ተራኪ፦ አሁን ከዘጠኝ ሺህ ኪሎ ወደ አንዲት ቁራጭ እንውረድ። ትምህርት ቤት ውስጥ «ሶዲየም በነጭ ጋዝ ውስጥ ይቀመጣል» ተብሎ ሁላችንም ተምረናል። ምክንያቱ አየሩም እርጥበት ስላለው ነው። ባለሙያዋ በመቆንጠጫ አወጣችው፤ በእጇ አትነካውም፤ የእጅ ላብም ውሃ ነው። ዘይቱን በደረቅ ወረቀት ጠረገችው። ቢላዋውን ስታሳርፍበት እንደረጋ ቅቤ ተቆረጠ። አዲሱ ፊቱ እንደተወለወለ ብር ያበራል፤ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ እየደበዘዘ፣ እየነጣ ይሄዳል። አየሩ እየበላው ነው።

የምትወስደው የምስር ፍሬ የምታክል ብቻ ነው። መነጽር አድርጋለች፤ በእሷና በዕቃው መካከል ግልጽ መከለያ ቆሟል። ጣለችው። ሶዲየም ከውሃ ስለሚቀልል ይንሳፈፋል። በራሱ ሙቀት ቀልጦ ድቡልቡል ይሆናል፤ ለመቅለጥ 98 ዲግሪ ይበቃዋል። እየጮኸ ውሃው ላይ ይሮጣል። የሚገፋው ከሥሩ የሚወጣው ሃይድሮጂን ነው፤ ያ ሃይድሮጂን እሳት ካገኘ ይነድዳል። ሶዲየሙ ካለቀ በኋላ የቀረው ውሃ ቆዳ የሚበላ፣ ዓይን የሚያሳውር ነው። አደጋ የሚያገኛቸው ብዙዎቹ ነገሩ አለቀ ብለው አንገታቸውን ሲያሰግጉ ነው፤ የመጨረሻዋ ጠብታ የምትፈነዳው ያኔ ነውና።

እሳት ቢነሣ? እዚህ ላይ እጅ የሚሄድበት ሁሉ ስሕተት ነው። ውሃ እሳቱን ይመግበዋል። አረፋ ያው ውሃ ነው። በየኮሪደሩ የሚሰቀለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አያድንም፤ ሶዲየም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ኦክስጅኑን ነጥቆ ይነድዳል። የሚያስፈልገው በደንብ የደረቀ አሸዋ፣ ደረቅ ጨው፣ ወይም ለብረት እሳት ተብሎ የተዘጋጀ ዱቄት ነው፤ በዝግታ ከላይ አልብሶ ማፈን። አሸዋው ውጭ ያደረ፣ ጤዛ የነካው ከሆነ ባይነኩት ይሻላል። ቅንጥብጣቢውም መታጠቢያ ውስጥ አይጣልም። አልኮል ውስጥ፣ በተለይ አይሶፕሮፓኖል በሚባለው ውስጥ፣ ጥቂት በጥቂት ይሟሟል፤ ውሃ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ምንም ብረት አለመቅረቱ ሲረጋገጥ ነው።

የሶዲየም ታላቅ ወንድም ፖታሲየም ደግሞ ይብሳል። በዘይት ውስጥም ሆኖ ሲያረጅ ቢጫ ቅርፊት ያወጣል። ቅርፊቱን ያየ ሰው ቢላዋ ማንሳት የለበትም፤ ሲቆረጥ ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ ሊፈነዳ ይችላል። ዕቃውን ሳይከፍት ለሚያውቅ ሰው ማስረከብ ነው ያለበት።

ምስል፦ በከፍተኛ ፍጥነት የተቀረጸ ጠብታ፣ በዝግታ ሲታይ።

ተራኪ፦ ለመሆኑ ለምን ይፈነዳል? ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 ለንደን ውስጥ ፖታሲየምንና ሶዲየምን በኤሌክትሪክ ለይቶ ካወጣ ጀምሮ መልሱ ሃይድሮጂን ነበር። ነገር ግን ይህ መልስ አንድ ቀዳዳ አለው። ሃይድሮጂኑና እንፋሎቱ በብረቱና በውሃው መካከል ገብተው መጋረጃ መሆን፣ ሁለቱን መለየት፣ ነገሩን ማቀዝቀዝ ነበረባቸው። ታዲያ ፍንዳታው ከየት ይመጣል?

የቼክ ሳይንስ አካዳሚው ፓቬል ዩንግቪርት ከፊሊፕ ሜሰንና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በ2015 ያሳተመው ጥናት መልሱን በካሜራ አገኘው። የሶዲየምና የፖታሲየም ቅይጥ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው፤ ጠብታውን ውሃ ላይ ጥለው በጣም ፈጣን በሆነ ካሜራ ቀረጹት። አንድ ሺህኛ ሰከንድ ሳይሞላ ከጠብታው ዙሪያ የብረት እሾሆች ይወነጨፋሉ። ኤሌክትሮኖቹ ብረቱን ጥለው ወደ ውሃው ይሸሻሉ። የቀረው ብረት በሙሉ አንድ ዓይነት ቻርጅ ይይዛል፤ ቅንጣቱ ቅንጣቱን ይገፋዋል፤ ጠብታው ራሱን በራሱ ይበትናል። እየተበተነ ሲሄድ አዲስ ፊት ለውሃው ይሰጣል፤ መጋረጃው ሊጋርደው አይደርስም።

ምስል፦ ጭስ የሞላበት ክፍል፤ የተቃጠለ መተላለፊያ፤ ወለል ላይ ነጭ ክምር።

ተራኪ፦ ፕሮግራሙ በዚያች ጠብታ ላይ እንዲያበቃ ነበር የታሰበው። ይህ አሁን የምታዩት ቪዲዮ ግን ታሪኩን ሌላ ቦታ ወሰደው።

ጃፓን፣ ቱሩጋ ከተማ፣ ሞንጁ የተባለው የኑክሌር ማብላያ። እንዲህ ያሉት ማብላያዎች የሚቀዘቅዙት በውሃ አይደለም፤ በቀለጠ ሶዲየም ነው። ሙቀት በደንብ ይሸከማል፣ ኒውትሮኑን አያዘገይም፣ እስከ 883 ዲግሪ ድረስ ስለማይፈላ ቧንቧው ከፍተኛ ግፊት አያስፈልገውም። ሞንጁ ውስጥ ከ1,600 ቶን በላይ ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን 1995 ማታ፣ ሙቀት የሚለካ አንድ መሣሪያ ያለበት ቀጭን ሽፋን በሶዲየሙ ጅረት ሲርገበገብ ቆይቶ ተሰበረ። በቀዳዳው 640 ኪሎ ግራም ያህል ሶዲየም ፈስሶ ነደደ። የሚያስጠነቅቀው ደወል ጮኸ። ኦፕሬተሮቹ ግን ማብላያውን በእጃቸው ያጠፉት ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው። የፈሰሰው የማብላያውን እምብርት ከማይነካው ከሁለተኛው ዙር ቧንቧ ስለነበር ጨረር አልወጣም፤ በእሳቱ የሞተ ሰውም የለም።

የሕዝቡን ልብ የሰበረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማብላያውን የሚያስተዳድረው የመንግሥት ድርጅት ለጋዜጠኞች ያሳየው ተቆርጦ ያጠረ ቪዲዮ ነበር፤ የከፋው ጉዳት የሚታይበት ክፍል ወጥቶለታል። ቀድሞ የተቀረጸ ሌላ ቪዲዮ መኖሩም ተደበቀ። ነገሩ ሲወጣ ምርመራ ተጀመረ፤ ምርመራውን ከሚያካሂዱት የድርጅቱ ኃላፊዎች አንዱ በጥር 1996 ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ። የሌኖር ሰዎች ጥፋት ሠርተው ይሆናል፤ የሠሩትን ግን ዛሬም ሙሉውን እናየዋለን። ከእነሱ ብዙ እጥፍ የተማሩት ሰዎች የሠሩት ግን ተቆርጦ ነው የደረሰን፤ ይህ ከሶዲየሙ እሳት ይልቅ ያስፈራኛል።

ሞንጁ በ2010 እንደገና ተነሣ። በዚያው ዓመት ከ3 ቶን በላይ የሚመዝን ማሽን ማብላያው ውስጥ ወደቀበት። በ2016 መጨረሻ እንዲዘጋ ተወሰነ። ታዲያ ያን ሁሉ ሶዲየም የት ያደርሱታል?

ምስል፦ የስኮትላንድ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ዱንሬይ።

ተራኪ፦ መልሱ ያለው እዚህ ነው። ዱንሬይም በሶዲየም የሚቀዘቅዙ ማብላያዎች ነበሩት፤ ዱንሬይም በችኮላ ተቀጥቷል። 65 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ነበረው፤ ጨረር ያለበት ቆሻሻ የሚጣልበት፣ ውሃም የገባበት። በግንቦት 1977 ሶዲየምና ፖታሲየም ተጣለበት። ብዛቱ ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሃይድሮጂኑ ፈንድቶ የኮንክሪት ክዳኑን አነሳው። ጉድጓዱ ከዚያ በኋላ ቆሻሻ አልተጣለበትም።

በዚያው ግቢ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከ1,500 ቶን በላይ ሶዲየም ተወገደ፤ ያስወገደውም ያው ውሃ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የቀለጠው ሶዲየም በቀጭን ቧንቧ ጥቂት በጥቂት፣ በኃይል ወደሚዘዋወር የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ይገባል። እያንዳንዷ ጠብታ ቀጣይዋ ሳትደርስ ትሞታለች፤ ሃይድሮጂኑ ይወጣል፣ ሙቀቱ ይወሰዳል። ኮስቲክ ሶዳው በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኃይሉን ያጣል፣ ጨረር ያለበት ሲዚየም ተጣርቶ ይወጣለታል፣ የሚቀረው የጨው ውሃ ወደ ባሕር ይለቀቃል። ሥራው በ2008 ተጠናቀቀ። ለካሜራ የሚሆን ምንም ነገር የለውም፤ ቧንቧ፣ መለኪያ፣ መዝገብ የሚይዙ ሰዎች።

የሞንጁ ሶዲየም ወደ ብሪታንያ ተወስዶ ወደ ኮስቲክ ሶዳ እንዲቀየር ታቅዷል። ጠቅላላው የማፍረስ ሥራ 30 ዓመት ተመድቦለታል።