ያውቁ ኖሯል? ምት ያለ መሣሪያም ይለመዳል!

ክራርዎን ግድግዳው ላይ ይስቀሉት! ኪቦርድዎን ከሶኬት ይንቀሉት! ዛሬ ከምንደረድርልዎ ጉድ አብዛኛው መሣሪያ ሳይነኩ የሚሆን ነው። በእግር፣ በአፍ፣ በመዳፍ፣ ሲያሻዎም ተጋድመው! (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይያዙልን።)

ከተወለደ ሁለት ሦስት ቀን የሆነው ሕፃን ምት ይጠብቃል! እንቅልፍ ላይ ሳለ ከበሮ አሰሙት። ከዚያ የመጀመሪያዋን፣ ጠንካራዋን ምት ሆን ብለው ዘለሏት። ጭንቅላቱ ላይ የተለጠፉት ሽቦዎች አንጎሉ «አንዲት ነገር ጎደለች!» ማለቱን መዘገቡ። እሱ እቴ! ዓይኑንም አልገለጠ!

የሰባት ወር ሕፃናትን ደግሞ አቅፈው እያወዛወዙ ከበሮ አሰሟቸው። ድምፁ ለሁሉም አንድ ነው። ግማሾቹን በየሁለት ምቱ፣ ግማሾቹን በየሦስት ምቱ ብድግ አደረጓቸው። በኋላ ሲፈተኑ ሕፃናቱ የወደዱት የተወዛወዙበትን ቆጠራ ሆኖ ተገኘ! አንቀልባ ላይ «እሹሩሩ» እየተባልን ያደግን ሁሉ ሙዚቃ ቤት የገባነው ያኔ ነው!

የቡልጋሪያና የመቄዶንያ ሰው በሰባት፣ በዘጠኝ፣ በአሥራ አንድ በሚቆጠር ዜማ ሳይደናቀፍ ይጨፍራል። የሰሜን አሜሪካ ጎልማሳ በዚያ ምት ውስጥ ስሕተት ቢደነቀርበት አይነቃም። የስድስት ወር ልጁ ግን ይነቃል! ልጁ ዓመት ሲሞላው እሱም ጆሮው ወደ አገሩ ምት ማዘንበል ይጀምራል።

በራሳችን ፍጥነት ስንራመድ በደቂቃ ወደ 120 ጊዜ እንረግጣለን! ወደ ታክሲ ሲሄዱ ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩ፤ 30 አካባቢ ያገኛሉ። በኪስ የማይያዝ፣ ባትሪ የማይፈልግ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ መሣሪያ)!

የፈረንሳይ የባዕዳን ጦር ግን በደቂቃ 88 ብቻ ይረግጣል። በየዓመቱ ሐምሌ 14 ቀን በፓሪስ ሰልፍ ላይ ሌላው ሁሉ በ120 ያልፋል፤ እነሱ ወደ ኋላ ቀርተው፣ ረጋ ብለው፣ ሰውን ሁሉ አስጠብቀው ይመጣሉ!

ኤሚል ዣክ-ዳልክሮዝ በ1892 በጄኔቫ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ የሃርመኒ መምህር ሆነ። ተማሪዎቹ ጣታቸው ፈጣን፣ ምታቸው ግን የተሰበረ ነበር። እኒሁ ልጆች መንገድ ላይ ሲራመዱ አንዲት እርምጃ አይስቱም! ምን አደረገ? መሣሪያውን አስቀምጦ አስነሣቸው። በባዶ እግር ክፍሉን አዞራቸው፤ አጭሯን ኖታ በሩጫ፣ ረጅሟን በዝግታ አስረገጣቸው። በ1911 በድሬስደን አጠገብ ሄለራው በምትባል መንደር ለዚሁ ትምህርት ትልቅ አዳራሽ ተሠራለት! የጄኔቫው ተቋሙ በ1915 ተከፈተ፤ ዛሬም ያስተምራል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው! ኃይሌ ገብረሥላሴ የካቲት 1998 በበርሚንግሃም የቤት ውስጥ 2,000 ሜትር ሲሮጥ፣ ከድምፅ ማጉያው «ስካትማን» የተባለው ዘፈን ይለቀቅ ነበር። እግሩን ከዘፈኑ ምት ጋር አጣብቆ ሮጠ። 4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ! የዓለም ክብረ ወሰን! ሜትሮኖሙን ስታዲየሙ ሙሉ አብሮት ሰማ ማለት ነው።

ይጠብቁ፣ አላለቀም! ያንን ዘፈን በዚያ ፍጥነት የሚያንበለብለው ስካትማን ጆን ከልጅነቱ ጀምሮ ተንተባታቢ ነበር! ታዋቂ የሆነው ደግሞ ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። የሚንተባተቡ ሰዎች አብዛኞቹ በሜትሮኖም ምት እየተመሩ ሲናገሩ ቃሉ ይፈታላቸዋል።

የፓርኪንሰን ሕመምተኛም እንደዚሁ ነው። አንዳንዴ እግሩ መሬት ላይ እንደ ተሰፋ ይቀራል፤ ቋሚ ምት ሲያሰሙት ብዙ ጊዜ ይራመዳል!

በደቡብ ሕንድ ከበሮ ከመምታት በፊት ከበሮ መናገር ይቀድማል! «ታ ካ ዲ ሚ» ማለት አራት፣ «ታ ኪ ታ» ማለት ሦስት፣ «ታ ዲ ጊ ና ቶም» ማለት አምስት ነው። ኮናኮል ይሉታል። ሊቆቹ ይህን በመትረየስ ፍጥነት ሲያወርዱት፣ እጃቸው ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል፦ አንድ ጭብጨባ፣ በትንሿ ጣት፣ በቀለበት ጣት፣ በመሐል ጣት፣ ጭብጨባ፣ መዳፍ ግልብጥ፣ ጭብጨባ፣ መዳፍ ግልብጥ። ስምንት! ቼናይ ኮንሰርት ቢገቡ ግማሹ ታዳሚ ይህንኑ ቆጠራ ጭኑ ላይ ሲቆጥር ያገኙታል። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ጆን ማክላፍሊን ኮናኮልን የሚያስተምር ቪዲዮ እስከ ማሳተም ደርሷል። ሊቆቹ አፍ የሚለውን እጅ ይከተላል ብለው ያምናሉ፤ እኛም ሞክረነው ምላሳችን ተቋጥሮ ቀረ!

የስፔን ፍላሜንኮ ሰዎች በጠረጴዛ ይለማመዳሉ! በጣት መገጣጠሚያ እንጨቱን እየቆረቆሩ አሥራ ሁለት ይቆጥራሉ። ጠንካራዎቹ ምቶች 12፣ 3፣ 6፣ 8 እና 10 ላይ ይወድቃሉ። ይቁጠሩትና ይዩት፤ ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ሁለት! ቡና ቤት ውስጥ ከሞከሩት አስተናጋጁ የተጠራ መስሎት ይመጣል።

የእኛው ችክችካም እንዲሁ መንታ ፊት አለው! ስድስቱን ፈጣን ምት እግርዎ በሁለት ይክፈለው፣ እጅዎ በሦስት ይክፈለው። ሁለቱንም አንድ ላይ! ከቻሉ ማንም ከበሮ መቺ አያሳፍርዎትም።

በአንድ ሙቀጫ ሁለት ሆነው ሲወቅጡ አይተዋል? አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሌላዋ ትጥላለች። «አንድ፣ ሁለት» የሚል የለም፣ የሚያይ የለም፣ ወሬውም አይቋረጥም! ከምት የወጣች ቀን ዘነዘናና ዘነዘና ይጋጫሉ። ከዚህ የበለጠ ጥብቅ መምህር ያሳዩን!

መቋሚያ ድምፅ የለውም፤ ምት ግን አለው! የአቋቋም ተማሪ ዜማውን በቃሉ ይዞ፣ በመቋሚያው እየዘመመ፣ ጊዜን አየር ላይ ይጽፋል። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ፣ ወደ መሬት! ሊቃውንቱ ቆመው የሚያድሩበት ማኅሌት ላይ ይህ ሁሉ ዘንግ በአንድ ልብ ሲወዛወዝ ማየት ነው። አለቃ ገብረ ሐና፣ አዎ፣ እኒያው በቀልዳቸው የምናውቃቸው፣ አዲስ ዝማሜ ፈጥረዋል! የጣና ሞገድ የዳሩን ደንገል ሲያወዛውዝ አይተው ነው ይባላል። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ እነሆ እስከ ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ይባላል፤ አገሩም ደብረ ታቦር ነው። ሐይቅ መምህር ሲሆን!

ዘንግ ግን አደጋም አለው! በ1687 ፈረንሳዊው አቀናባሪ ዣን-ባቲስት ሉሊ በረጅም ዘንግ ወለሉን እየመታ ምት ሲያስጠብቅ የገዛ እግሩን መታ። ቁስሉ መረቀዘ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሞተ! ያኔ ይዘመር የነበረው የፈረንሳይ ንጉሥ ከሕመም ስለ ዳነ የቀረበ ምስጋና ነበር።

በ1740 የደቡብ ካሮላይና ቅኝ ግዛት ባሪያዎች ከበሮ እንዳይመቱ በሕግ ከለከለ! ከዓመት በፊት ያመፁት በከበሮ ተጠራርተው ነበርና። ምቱ ግን አልተከለከለም። ወደ ጭን፣ ወደ ደረት፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ መዳፍ ተሰደደ! በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ውስጥም ሠራተኞች የጎማ ቦት ጫማቸውን እየመቱ ጭፈራ ፈጠሩ።

ሜትሮኖምን የፈለሰፈው፣ በስሙ የሚታወቀው ሜልዜል አይደለም! በ1814 በአምስተርዳም የሠራው ዲትሪች ቪንክል ነው። ሜልዜል ሐሳቡን ወስዶ በ1815 በስሙ አስመዘገበው። ይኸው ሜልዜል ለቤቶቨን የጆሮ መስሚያ ቀንድ ሠርቷል፤ ውስጡ ሰው የተደበቀበትን «ቼዝ ተጫዋች ማሽን» ይዞም አገር ላገር ዞሯል! ቤቶቨን በ1817 የስምንቱን ሲምፎኒዎቹን ፍጥነት በሜትሮኖም ቁጥር አሳተመ። ሙዚቀኞች በቁጥሮቹ ፍጥነት ዛሬም ይጨቃጨቃሉ!

አቀናባሪው ጂዮርጂ ሊጌቲ በ1962 ለ100 ሜትሮኖሞች ሙዚቃ ደረሰ! ተጫዋች የለም፤ መቶውም ተቆስቁሰው እስኪቆሙ ይመታሉ። የኔዘርላንድ ቴሌቪዥን ሊያሳየው ቀርጾ ነበር። ሰርዞ በምትኩ እግር ኳስ አሳየ!

ሁለት ሜትሮኖሞች ሊንሸራተት በሚችል ሰሌዳ ላይ ያስቀምጡ። እንደ ፈለጋቸው ያስጀምሯቸው። ጥቂት ቆይተው አብረው ይመታሉ! በ1665 ታምሞ አልጋ ላይ የዋለው ሳይንቲስት ክርስቲያን ሆይገንስ የግድግዳ ሰዓቶቹ ፔንዱለሞች እንዲህ ሲስማሙ አይቶ ተገርሟል።

የለንደኑ ሚሌኒየም ድልድይ ሰኔ 10 ቀን 2000 ተከፈተ፤ በሁለት ቀኑ ተዘጋ! ድልድዩ ትንሽ ሲወዛወዝ ሰው ሳያውቀው እርምጃውን ከውዝዋዜው አስማማ፣ ውዝዋዜው ባሰ፣ ሰው አሁንም አስማማ። በ2002 ነው ዳግም የተከፈተው። በ1831 ማንችስተር አጠገብ 74 ወታደሮች በእኩል ርምጃ ድልድይ ሰብረዋል! የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ወዲህ ድልድይ ላይ ምት አፍርሱ ብሎ ያዛል።

በሜትሮኖም ያጨብጭቡ፤ ሳያውቁት ይቀድሙታል! ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በመቶኛ ሰከንዶች ከድምፁ ይቀድማል፤ እሱ ግን እኩል የደረሰ ይመስለዋል። ሙዚቀኛም ይቀድማል፣ በትንሹ። ሜትሮኖሙን ቀስ ያድርጉትና በምት መካከል ሁለት ሰከንድ ይለፍ። አሁን መተንበዩ ይጠፋብዎታል፤ ድምፁን እየጠበቁ ይከተሉታል! ጥሩ መምህራን ሜትሮኖሙን የሚያዘገዩትም መካከሉን በልብዎ መቁጠር እንዲለምዱ ነው።

ፊዚዮሎጂስቱ ሁድሰን ሆግላንድ ሚስቱ በኢንፍሉዌንዛ ተኝታ ሳለች ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብሎ ተመለሰ። «ብዙ ቆየህ!» አለችው። እሱ ይቅርታ መጠየቁን ትቶ ሰከንድ እንድትቆጥር አዘዛት! ትኩሳቷ ሲጨምር ቆጠራዋ ፈጠነ፤ ሲቀንስ ዘገየ። ትዳሩ እንዴት እንደተረፈ እንጃ!

ሰዎችን «የምትወዱትን ዘፈን ከትዝታችሁ ዝፈኑ» አሏቸው። ከመቶ ሙከራ ሰባ ሁለቱ ከካሴቱ ፍጥነት 8 በመቶ ሳይርቁ ዘፈኑ! ለሙዚቀኝነታቸው የተመረጡ አልነበሩም።

ፒያኖ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ለ5 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ተለማመዱ። ግማሾቹ ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ በሐሳባቸው ብቻ! ጣትን የሚያዘው የአንጎላቸው ክፍል እንደ ሌሎቹ ሰፋ። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት በእጃቸው ሲለማመዱ ደረሱባቸው!

አቀናባሪው ስቲቭ ራይክ በ1972 ለአራት መዳፍ ሙዚቃ ጻፈ። ሁለት ሰው፣ ጭብጨባ ብቻ! አንዱ አይለወጥም፤ ሌላው እየቆየ አንዲት ምት ይሸሻል፣ ከአሥራ ሁለት ሽሽት በኋላ ተመልሰው ይገናኛሉ። ከጓደኛዎ ጋር ይሞክሩት፤ ግን ጓደኝነቱ የጠና ይሁን!

ፒያኒስቱ ሃሪ ኮኒክ ጁኒየር ታዳሚው አንደኛና ሦስተኛ ምት ላይ ሲያጨበጭብ ጆሮው ተቆጣ። ዝም ብሎ አንዲት ምት ጨመረ! አዳራሹ ሁሉ ሳያውቀው ሁለተኛና አራተኛ ላይ ማጨብጨብ ጀመረ።

ተሰብሳቢ ጭብጨባው በአንድ ምት እንዲገጥም የሚያጨበጭብበትን ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል! ማንም ሳያዝ!

በአሜሪካ ሮናን የተባለች የባሕር አንበሳ ከዘፈን ጋር ጭንቅላቷን በምት ትነቀንቃለች! በሙከራ ቢወዳደሯት ሰዎቹ አልበለጧትም። ስኖውቦል የተባለው ነጭ በቀቀንም በራሱ ፈጠራ 14 ዓይነት ውዝዋዜ ያወርዳል። እስክስታ ገና አልጀመረም!

ስኮትላንዳዊቷ የከበሮ ሊቅ ኤቭሊን ግሌኒ በ12 ዓመቷ መስማት ተሳናት። መድረክ ላይ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ምቱን በእግሯ ትሰማለች!

ዛሬ ማታ ይሞክሩት። ሬዲዮ ላይ የሚያውቁት ዘፈን ሲመጣ ያጨብጭቡ፤ ድምፁን ያጥፉና ለ20 ሰከንድ በልብዎ እየዘፈኑ ጭብጨባዎን ይቀጥሉ፤ ከዚያ ይክፈቱት። ዘፋኙን ቀድመውት ከተገኙ ትኩሳትዎን ይለኩ!