በሚስቱ የሚጠቃ ባል የሚሸሽገው የአእምሮ ጉዳት

በጎዛምን ገጠር አንድ አባወራ በሚስቱ ተመትቶ ፊቱ ቢቆስል «በሬ ወጋኝ» ማለት ይቀለዋል። በቤት ውስጥ ጥቃት በብዛት የሚጎዱት ሴቶች ናቸው፤ የሚጠቃውን ወንድ ሕመም የሚያባብሰው ግን መሳለቂያ እንዳይሆን መፍራቱ ነው። የማያቋርጥ ስድብ፣ ዛቻና ዱላ እንቅልፍ ይነሳል፤ ጭንቀትና ድባቴ ያስከትላል፤ ራስን ወደ ማጥፋት ሐሳብም ሊገፋ ይችላል። ከእርሻ ውሎ በኋላ ቤቱ መግባት የሚፈራ፣ ከማኅበርና ከእድር የቀረ፣ አረቄ ያበዛ ሰው «ሰነፈ» ተብሎ ይታለፋል። ሽማግሌዎችም «ወንድ ሆነህ?» ባይሉት መልካም ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 564፣ በትዳር ጓደኛው አካል ወይም አእምሮ ላይ በኃይል ድርጊት ጉዳት ያደረሰን ሰው ሲጠይቅ ባልና ሚስት አይለይም። ጤና ጣቢያ ሄዶ «በሬ ወጋኝ» ያለ ባል ግን ቁስሉ ብቻ ታክሞ ይመለሳል።